የፍየል ትልና መዥገር፤ ከኒም ቅጠል እስከ አይቨርሜክቲን

በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ ፍየል የምታረቡ ሰዎች ጥያቄያችሁ ብዙ ነው፤ ተመሳሳዮቹን አጣምሬ እመልሳለሁ። አብዛኞቻችሁ «ባህላዊው ይሻላል ወይስ ዘመናዊው?» ብላችሁ ጀምራችኋል። እኔ ግን የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው፦ የትኛው ተውሳክ ነው የያዛት? ፍየሏስ ስንት ኪሎ ትመዝናለች? እነዚህ ሳይታወቁ የሚሰጥ መድኃኒት፣ ቅጠልም ሆነ ክኒን፣ ገንዘብ መበተን ነው።

ከሳቢያን፦ ጋሼ፣ ከክረምቱ ወዲህ ሁለት ፍየሎቼ ከመንጋጋቸው ሥር አብጠዋል። ይበላሉ፤ ተቅማጥም የለባቸውም። ጎረቤቴ በጋለ ብረት ልተኩስልህ ይላል።

ብረቱ ይቅርብህ፣ ወንድሜ። እብጠቱ ለስላሳ ከሆነና ስትጫነው የጣትህ ምልክት ከቀረበት፣ ደም ካለቀባት ፍየል የሚጠራቀም ውኃ ነው። በእኛ አካባቢ ከዝናብ በኋላ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሄሞንከስ የሚባለው ትል ነው፤ በአራተኛው ጨጓራ ተጣብቆ ደም ይመጣል። አንዲት ሴት ትል በቀን ከ5,000 በላይ እንቁላል ትጥላለች። ተቅማጥ አለማየትህ አያሳስትህ፤ ይህ ትል ብዙውን ጊዜ አያስቀምጥም።

ዓይኗን እይ። በአንድ አውራ ጣት የላይኛውን ቆብ በዓይኗ ላይ ቀስ ብለህ ተጫን፤ በሌላው የታችኛውን ወደ ታች ሳብ፤ የውስጥ ሥጋው ወጣ ይልልሃል። ይህን በፀሐይ ብርሃን አድርግ እንጂ በጉረኖ ጨለማ ውስጥ አይደለም። ደቡብ አፍሪካውያን ለዚሁ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ያለው የቀለም ካርድ አውጥተዋል፦ 1 ደማቅ ቀይ፣ 5 እንደ ወረቀት ነጭ። 4 እና 5 የሆነችውን ዛሬውኑ አክም፤ 3 ላይ ያለችውንም ከሳች ወይም ካረገዘች አትለፋት። መዥገር የበዛባትና የጉበት ትል ያለባትም እንዲሁ ትነጣለች፤ ስለዚህ ቆዳዋንም ፈትሽ፤ ከተቻለም በጠጧን በላስቲክ ቋጥረህ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ላክ።

ከጁገል፦ እናቴ «ኮሶ ወይም እንቆቆ አጠጧቸው» ትላለች። ኒም ቅጠልስ?

እናትሽን አክብሪ፤ ኮሶ፣ እንቆቆና መተሬ እውነተኛ መድኃኒቶች ናቸው። ስማቸው የገነነው ግን የሰውን የኮሶ ትል በማስወጣት ነው፤ ደም መጣጩ ሄሞንከስ ሌላ ወገን ነው። ለፍየል የሚሆነው መጠን በቅጡ አልተወሰነም፤ ኮሶ ሲበዛ ደግሞ የሰውን ዓይን እንኳ ይጎዳል። የትምባሆ ዝፍዝፍ የምትሰጡ አላችሁ፤ ኒኮቲን መርዝ ነውና ተዉት።

ኒም በድሬዳዋ መንገድ ዳር ሞልቷል። ተወቅጦ በውኃ ያደረ ቅጠል ተጠልሎ ለቅማልና ለጥቂት መዥገር ማጠቢያነት ቢሞከር አልቃወምም። ለሆድ ትል ግን በየሙከራው አንድ ዓይነት ውጤት ስላልሰጠ፣ ዓይኗ ለነጣ ፍየል አልመክረውም።

ከባህላዊው መንገድ እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ግጦሹን ነው። የትሎቹ እጮች በአብዛኛው የሚገኙት ከመሬት እስከ አንድ ስንዝር በማይሞላ ሣር ላይ ነው። ፍየል ደግሞ በተፈጥሮዋ ወደ ግራርና ቁጥቋጦ ቀና ብላ የምትበላ ናት፤ በግራር ቅጠል ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገርም ትሉን ያዳክማል። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ አታሰማሯት፤ መኖ መሬት ላይ አትበትኑላት።

ከመልካ ጀብዱ፦ አልቤንዳዞል ሰጥቼ ለውጥ የለም። ሌላ ስም ያለው ገዛሁ፤ ያው ነው።

ስም መቀየር መድኃኒት መቀየር አይደለም። የትል መድኃኒቶቻችን በአብዛኛው ሦስት ቤተሰብ ናቸው፦ እነ አልቤንዳዞል፣ እነ ቴትራሚዞልና ሌቫሚዞል፣ እነ አይቨርሜክቲን። ትሉ አንዱን ከተላመደ የዚያው ቤተሰብ አባል የሆነውን ሁሉ ይለምዳል።

ከዚያ በፊት ግን መጠኑን ጠይቅ። ፍየል መድኃኒቱን ከበግ ፈጥና ከሰውነቷ ታስወጣለች። ስለዚህ ሐኪሞች አልቤንዳዞልን ለበግ ከሚሰጠው እስከ እጥፍ ድረስ ያዝዛሉ። የሌቫሚዞል ወገን ግን በቀላሉ ይመርዛልና እጥፍ አይባልም። እርጉዝ ከሆነች በመጀመሪያው ወር አልቤንዳዞል አትስጣት። ደግሞም መዝን! የከረጢት ሚዛን ላይ በገመድ ማንጠልጠል ነው። 35 ኪሎ ያለችን ፍየል በግምት 20 ብሎ ማከም ትሉን ማሠልጠን ነው፤ በዓይኑ መመዘን የማያምረው የፍየል ነጋዴ ግን እስካሁን አላየሁም።

ከሐረማያ፦ በየሦስት ወሩ ሁሉንም ባክም አይሻልም?

አይሻልም፤ ሁሉንም ደጋግሞ ማከም ትሉን መድኃኒቱን ያስለምደዋል፤ ማስረጃውም እዚያው ደጅህ ነው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተሠርቶ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በገበሬዎችና በአርብቶ አደሮች መንጋ ላይ መድኃኒቶቹ በደንብ ሲሠሩ፣ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የፍየል መንጋ ላይ ግን ትሎቹ አልቤንዳዞልን፣ ቴትራሚዞልንና አይቨርሜክቲንን ተላምደው አገኘ። መፍትሔውን ልብ በል፤ ፍየሎቹ ከታከሙ በኋላ በጋራ ግጦሽ ላይ ለወራት ተሰማሩ፤ በተላመደው ትል ቦታ መድኃኒት ያልለመደው የገበሬው ትል ገባ፤ መድኃኒቶቹም መልሰው ሠሩ። ስለዚህ ዓይኗ ቀይ የሆነችውን ፍየል ሳታክም መተው ስንፍና አይደለም፤ በሆዷ ያለው መድኃኒት ያልለመደ ትል የለመደውን እያሳሳልህ ነው። ከአንድ መንጋ አብዛኛውን ትል የሚሸከሙት ጥቂት ፍየሎች ናቸው። በየዝናቡ የምትነጣውን አንዷን ሽጣት፤ ግልገሏንም ለዘር አታስቀር።

ከዚያው፦ በጠጡ ላይ እንደ ሩዝ ነጭ ነገር አያለሁ።

የኮሶ ትል ቁራጭ ነው። ያስደነግጣል እንጂ ትልልቆቹን ፍየሎች እምብዛም አይጎዳም። የሚገድለው ሄሞንከስ እንቁላሉ በዓይን አይታይም። አይቨርሜክቲን የኮሶ ትልንም የጉበት ትልንም አይነካም።

ከደንገጎ፦ እከክና ቅማል አስቸግሮናል። ለጫት የምንረጨውን ብንቀባቸውስ?

በፍጹም። የሰብል ፀረ ተባይ ለእንስሳ ቆዳ አልተበጠበጠም፤ መጠኑን ማን ይነግርሃል? ፍየሏ ምራቋ ከተዝረበረበና ከተንቀጠቀጠች መርዙ ገብቷል፤ ወዲያው በውኃና በሳሙና አጥበህ ሐኪም ጥራ፤ አትሮፒን የሚባል መርፌ አለው። ገራባ (የጫት ተረፍ) የምታበሉም ጫቱ መቼ እንደተረጨ ጠይቁ።

ለእከክ አይቨርሜክቲን ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ 1 በመቶ ከሆነው ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለ25 ኪሎ ግማሽ። እንቁላሉ ስለማይሞት ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል። ለመዥገር በእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚሸጠው አሚትራዝ ወይም ዲያዚኖን በመለያው ልክ ተበጥብጦ ይረጫል፤ ጓንት አድርጉ። እከክና ቅማል የበላው ቆዳ ከቆዳ ነጋዴ ዘንድ ዋጋ የለውም፤ ይህንንም ከኪሳራው ቁጠሩት።

ከከዚራ፦ ወተቷን እንጠጣለን፤ ሙክቱን ደግሞ ለዓረፋ ልሸጥ ነው።

ወተቷ ለሰው የምትታለብን ፍየል አይቨርሜክቲን አትውጉ። ሙክቱንም አይቨርሜክቲን ከተወጋ ከ5 ሳምንት በፊት ለእርድ አታቅርቡት። የገዢውን ቤተሰብ አስቡ።

ከባቢሌ፦ የአንድ ወር ግልገሎች ደም ያለበት ያስቀምጣቸዋል፤ የትል መድኃኒት አልረዳቸውም።

አይረዳቸውም፤ ይህ ኮክሲዲያ ይመስላል፤ በዓይን የማይታይ የአንጀት ተውሳክ እንጂ ትል አይደለም። ሕክምናው ሰልፋ ወይም አምፕሮሊየም ነው፤ በሐኪም ትእዛዝ። የወለሉን እርጥበት አስወግዱ፤ ግልገሎቹን ከትልልቆቹ ለዩ፤ የሚጠጡበትንም ገንዳ በጠጥ እንዳይገባበት ከፍ አድርጉት።

ከኤረር፦ አንዷ በአንድ ወገን ትዞራለች፤ ራሷን ታዘነብላለች።

አዙሪት ሊሆን ይችላል፤ በአንጎሏ ውኃ የቋጠረ የውሻ ኮሶ ትል እጭ ነው። ለእሷ በክኒን የሚደረግ ብዙ ነገር የለም። ስታርዱ ጭንቅላቷን ለውሻ አትጣሉ፤ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ውሾቻችሁን ፕራዚኳንቴል በየጊዜው አውጧቸው።