በአሜሪካ ጦር ባንድ ጀርመንና ኮሪያ መኖር፦ ለእህታችን ጥያቄ

ሰላም እህቴ። ልጅሽ ትራምፔት ይጫወታል፣ ሪክሩተሩ (የጦሩ ምልመላ ሠራተኛ) «ባንድ ገብተህ ጀርመን ወይ ኮሪያ ትመደባለህ» ብሎታል፣ አንቺ ደግሞ «የሚያስይዙት ጠመንጃ ነው ወይስ መለከት?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሁለቱንም ነው። እኔ በሁለቱም አገር ክላርኔት እየተጫወትኩ አገልግያለሁ፤ አሁን ጡረታ ላይ ስለሆንኩ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ።

መጀመሪያ እንደማንኛውም ወታደር መሠረታዊ ሥልጠናውን ይጨርሳል። ተኩሱም ጭቃውም አይቀርለትም። ከዚያ ቨርጂኒያ፣ ሊትል ክሪክ ወዳለው የጦር ኃይሎች የሙዚቃ ትምህርት ቤት ይገባል። ባንዱ ዘንድ ከደረሰ በኋላም ማለዳ ስፖርት አለ፣ በየጊዜው የተኩስና የአካል ብቃት ፈተና አለ። እኛ ክቡር ዘበኛና ፖሊስ ኦርኬስትራ ሲባል እየሰማን ስላደግን ወታደር ሙዚቀኛ ብርቅ አይሆንብንም፤ ጥላሁንም የወጣው ከዚያው ነው። አሜሪካኖቹ ዘንድ ግን አንድ ነገር ይጨመራል፦ ሙዚቀኛ ብቻ ሆኖ የሚቀመጥ የለም። አንዱ ንብረት ክፍል ነው፣ አንዱ የኖታ መዝገብ ቤት፣ ሌላው ስምሪት። አብራን የነበረች ፍሉት ተጫዋች ከባድ መኪና ትነዳ ነበር። ታዳሚው አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ሲሄድ እኛ የደንብ ልብሳችንን አውልቀን ስፒከርና ከበሮ እንጭናለን፤ እሷ ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ መሪውን ትይዛለች።

የት የት እንዳሉ ባጭሩ፦ የምድር ጦሩ የአውሮፓ ባንድ ጀርመን ዜምባህ ነው፤ ቀድሞ ሃይደልበርግ ነበር። አየር ኃይሉ ራምሽታይን፣ ባሕር ኃይሉ ጣሊያን ኔፕልስ አለ። በእስያ በኩል ኮሪያ ካምፕ ሃምፍሪስ ላይ የ8ኛው ጦር ባንድ፣ ጃፓን ካምፕ ዛማ ላይ ሌላ ባንድ አለ። ማሪኖቹ (የባሕር እግረኞቹ) ጃፓን ኦኪናዋ ናቸው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ሪክሩተሮች የሚያሳዩት ቪዲዮ የሮክ ቡድኑንና የሚጨፍረውን ሕዝብ ነው። አብዛኛው ሥራ ግን ሥነ ሥርዓት ነው፦ የአዛዦች ርክክብ፣ የጡረታ ሽኝት፣ የመታሰቢያ ቀን። የአገሬውን ብሔራዊ መዝሙር አስቀድመሽ፣ የአሜሪካውን አስከትለሽ፣ ያንኑ ማርሽ ደግመሽ ደጋግመሽ ትጫወቻለሽ። ሜዳ ላይ ንግግር እስኪያልቅ ቀጥ ብሎ መቆም አለ። በጀርመን ክረምት የእንጨት ክላርኔት ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ውጭ የምንይዘው ፕላስቲኩን ነው። ትራምፔቶቹ ደግሞ ፒስተናቸው በብርድ ይጣበቅባቸዋል፣ ድምፁም እየወረደ ይሄዳል። ማውዝፒሳቸውን (ከንፈር የሚያርፍበትን ጫፍ) ነቅለው ጓንታቸው ውስጥ ጨብጠው ሲያሞቁ ታያቸዋለሽ፤ መሪው እጁን ሊያነሳ ሲል ብቻ ይመልሱታል።

ለትራምፔት ተጫዋች ደግሞ ከሁሉ የሚከብደው «ታፕስ» ነው። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ከ1862 ጀምሮ ያለ የመቃብር ጥሪ ነው፤ 24 ኖታ ብቻ። ሉክሰምበርግ፣ ሃም በሚባለው የአሜሪካ ወታደሮች መቃብር (ጄኔራል ፓተን ያረፈበት) በግንቦት የመታሰቢያ ቀን ሥነ ሥርዓት ይደረጋል። ትራምፔት ነፊው ለብቻው ራቅ ብሎ ይቆማል። ጸሎቱና ንግግሩ እስኪያልቅ ከንፈሩ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ሁሉ ሰው ዝም ባለበት ይነፋል። አንድ ኖታ ቢሰበርበት የሚሸፍንለት የለም። ጎበዝ ጎበዝ ተጫዋቾች ከረጅም ኮንሰርት ይልቅ ይህን ሲፈሩ አይቻለሁ።

ደስታውስ? አለ እንጂ። ጀርመን ማለት ብዙ መንደር የራሱ የትንፋሽ ባንድ ያለው አገር ነው፤ ስታጠፊ ያውቁብሻል፣ ስታሳምሪም አይለቁሽም። «ዙጋበ!» እያሉ ስለሚያጨበጭቡ ተጨማሪ ዘፈን ሳይዙ መድረክ መውጣት ሞኝነት ነው። ይህ በሙዚቃ ወዳጅ የማፍራት ሥራ የቆየ ነው። ሳሙኤል አድለር የተባለው የሙዚቃ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1952 ጀርመን ውስጥ የ7ኛው ጦር ሲምፎኒ ኦርኬስትራን ያቋቋመው ወታደር ሳለ ነው፤ ኦርኬስትራውም እስከ 1962 ድረስ አውሮፓን እየዞረ ሲጫወት ቆይቷል። ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ1918 የጄምስ ሪስ ዩሮፕ የጥቁሮች ክፍለ ጦር ባንድ ነው ለፈረንሳዮች አዲሱን የአሜሪካ ሙዚቃ ያሰማው። የገዛ አገሩ ጦር ከነጮቹ ለይቶ ያስቀመጠው ክፍለ ጦር መሆኑን ሳስብ እስካሁን ይገርመኛል።

ኮሪያ ሌላ ዓለም ነው። ባንዱ ውስጥ ካቱሳ የሚባሉ፣ ብሔራዊ ግዴታቸውን ከአሜሪካ ጦር ጋር የሚወጡ ኮሪያውያን አሉ። ብዙዎቹ ከጥሩ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጡ ናቸው፣ እውነቱን ለመናገር አንዳንዶቹ ከእኛ ይበልጡ ነበር። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰሙ ቃኘው ሻለቃን አነሱልኝና ወደ ቹንቾን ወሰዱኝ። እዚያ ጃንሆይ እ.ኤ.አ. በ1968 የመረቁት የዘማቾቻችን ሐውልት አለ። ልጅሽ ከተመደበ ሳያየው አይመለስ።

ለእናት ደስ የማይለውን ልጨምር። በእኔ ጊዜ ኮሪያ ላጤ ወጣት በተለምዶ አንድ ዓመት ነበር፣ ጀርመን ይረዝም ነበር። ፈረንጆቹ ገና ሲያከብሩ ባንዱ ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ኮንሰርት ላይ ስለሆነ ያን ጊዜ እረፍት አይታሰብም። የእኛው ታኅሣሥ 29 ግን ፋታ ላይ ይውላል፣ ፈቃድ ማግኘት ይቀላል።

ሙዚቃው ያድጋል ወይ ላልሽው፣ ባንዱ በራሱ አያሳድገውም። በሰዓቱ መገኘትን፣ ያላየውን ኖታ ቁጭ ብሎ መጫወትን፣ ታሞም ቢሆን መንፋትን ይማራል። ሶሎ ተጫዋች መሆን ከፈለገ ማታ ማታ የልምምድ ክፍል ዘግቶ መቀመጥ የእሱ ፋንታ ነው። ኮንሰርት ብቻ ጠብቀው ገብተው ኮንትራታቸው ሲያልቅ አዝነው የወጡ ልጆች አውቃለሁ።

ከመፈረሙ በፊት ኦዲሽኑን (የመግቢያ የጨዋታ ፈተናውን) ይለፍ። ስኬል፣ የተዘጋጀ ሥራና በመጀመሪያ እይታ ኖታ ማንበብ ይጠይቁታል፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው በመጨረሻው ነው። ኮንትራቱ ላይ ሥራው 42 አር፣ ማለትም ሙዚቀኛ፣ ተብሎ ካልተጻፈ አይፈርም። «ጀርመን» የሚለው የሪክሩተሩ ቃል ደግሞ ወረቀት ላይ ካልሰፈረ ምኞት ነው፤ ምድብ የሚወጣው ክፍት ቦታ ባለበት ነው። ውድ ትራምፔት ልትገዢለት አስበሽ ከሆነ ተዪው፣ መሣሪያ ጦሩ ይሰጣል። የለመደውን ማውዝፒስ ብቻ ይዞ ይሂድ።