ልጅ ሲያለቅስ ዝም ይባላል? የእንቅልፍ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የሕፃናት ነርስ ነኝ። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ሰባት ሳምንቷ ነው። ማታ ማታ ዝም ብላ ታለቅሳለች። ብቻዋን መተኛት ላስለምዳት?

መልስ፦ አይ እህቴ፣ ገና ናት። በዚህ ዕድሜ ሰውነቷ ሌሊትና ቀንን አይለይም። ሆዷም ትንሽ ስለሆነ ሌሊት መጥባት አለባት። ለቅሶ የሚብሰው 6ኛው ሳምንት አካባቢ ነው፤ እስከ 3 ወይም 4 ወር እየቀነሰ ይመጣል። እስከዚያው እቀፊያት። «አመል ታስለምጃታለሽ» የሚልሽን ሰምተሽ እለፊው።

ጥያቄ፦ ልጄ ማልቀስ ሲጀምር ንዴቴን መቆጣጠር እያቃተኝ ነው። አባት ነኝ።

መልስ፦ መናገርህ ጥሩ ነው ወንድሜ። ንዴቱ ሲመጣ በጀርባው አልጋው ላይ አስተኛውና ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ ውጣ። ሌላ ሰው ካለ ተተካ። በፍጹም እንዳትነቀንቀው፤ መነቅነቅ አንጎል ውስጥ ደም ያፈሳል፣ ይገድላልም።

ጥያቄ፦ ስድስት ወሩ ነው። በየሰዓቱ ይነቃል፣ ጡት ካልያዘ አይተኛም። ብቻውን መተኛት እንዲለምድ ብዬ ማስለቀስ አእምሮውን ይጎዳዋል ወይ?

መልስ፦ ብዙ እናቶች የሚጨነቁት በዚህ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2012 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት በሕፃንነታቸው ቀስ በቀስ እንቅልፍ የለመዱ ልጆችን ስድስት ዓመት እስኪሞላቸው ተከታትሏል። በስሜታቸውም ሆነ ከወላጆቻቸው ጋር ባላቸው ቅርበት ጉዳት አልታየም። ዘላቂ ጥቅምም አልታየም! ስለዚህ ብታስለምጂው አትጎጂውም፣ ብትተዪውም ምንም አይቀርበትም። የሚወስነው ያንቺ ድካም ነው።

ከጀመርሽ መጀመሪያ ጡቱን ከእንቅልፍ ለዪው። ሁላችንም ሌሊት እንነቃለን፤ ጡት ይዞ የተኛ ልጅ ግን ሲነቃ ያንኑ ይፈልጋል። አጥቢው፣ ልብሱን ቀይሪው፣ እሹሩሩ በይው፤ ዓይኑ ሳይከደን አልጋው ላይ አስተኚው። ካለቀሰ ከ3 ደቂቃ በኋላ ገብተሽ አባብለሽው ውጪ፤ ቀጥሎ 5፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ጠብቂ። አንድ ሌሊት ጀምረሽ በማግስቱ መተው ልጁን ግራ ያጋባዋል። ሌሊት አንዴ ቢጠባ ግን ችግር የለውም።

ጥያቄ፦ እኔ ትቼው መውጣት አንጀቴ አይችልም።

መልስ፦ አትውጪ። አልጋው አጠገብ ተቀመጪ፤ በየጥቂት ቀኑ ወንበርሽን ወደ በሩ አራቂ። ረጅም ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይሠራል።

ጥያቄ፦ እንዲመቸው ትራስ ላድርግለት?

መልስ፦ አንድ ዓመት ሳይሞላው አይሆንም። ጠንከር ያለ ፍራሽ፣ በጀርባው፣ አሻንጉሊትም ወፍራም ብርድ ልብስም ሳይኖር።

ጥያቄ፦ ለቅሶው የሕመም መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ከ3 ወር በታች ሆኖ ሙቀቱ 38 ከደረሰ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ሂዱ። አልጠባም ካለ፣ አረንጓዴ ካስመለሰው፣ ሰውነቱ ከዛለ፣ ትንፋሹ ከከበደው ወይም ለቅሶው ከወትሮው ከተለየም እንደዚያው። ቀላል ጉንፋን ከሆነም ማስለመዱን እስኪሻለው አቁሙት።