ልጆቹን ሐይቅ ዳር ለምታውሉ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸውን ልጆች ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወስዳችሁ ለማዋል ስለተመዘገባችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ከእናንተ ዘወትር የሚነሳው ጥያቄ «ልጁ ወድቆ ቢደማስ?» የሚል ነው። ወደ እሱ እመጣለሁ፤ መልሱ አጭር ነው። ከባዱ ነገር ምስጢር መጠበቅ ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ልጁን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ሳያስብ የተናገረ ደግ ሰው ነው።

አውቶቡሱ ውስጥ ከሚቀመጡት ልጆች ስለ ራሳቸው ሁሉም አያውቁም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለትምህርት የደረሱ ልጆች፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ፣ እንደ ብስለታቸው ደረጃ በደረጃ እንዲነገራቸው ይመክራል። ቤት ውስጥ ግን ነገሩ ይዘገያል። የሚያሳድጉት አያት ወይም አክስት «ውጭ ወጥቶ ያወራዋል» ብለው ይሰጋሉ፤ እናት ደግሞ «ከየት መጣብኝ?» የሚለውን ጥያቄ ትፈራለች። ስለዚህ አንዱ ልጅ መድኃኒቱን የሚያውቀው የሳንባ ነው ተብሎ፣ ሌላው የደም ማነስ ነው ተብሎ ነው። አጠገባቸው የተቀመጠችው የ14 ዓመት ልጅ ደግሞ ሁሉንም ታውቃለች፤ በክፍሏ አንድ ሰው እንዳይሰማባት ዓመት ሙሉ ስትጠነቀቅ ኖራለች። «ቫይረስ»፣ «ፖዘቲቭ»፣ «ኤአርቲ» (የኤች አይ ቪ መድኃኒቱ) የሚሉት ቃላት ከመነሻ እስከ መመለሻ ከአፋችሁ አይውጡ፤ እርስ በርስ ስታወሩም ቢሆን። ልጅ ሲጫወት አይሰማም ብላችሁ እንዳትሳሳቱ።

ልጁ ራሱ «ይሄ መድኃኒት የምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቃችሁስ? ቫይታሚን ነው አትበሉት። እውነቱ የተነገረው ቀን ማን እንደዋሸው ያስታውሳል። ገልጣችሁም አትንገሩት፤ ይህ የቤተሰቡና የሚከታተሉት ባለሙያዎች ድርሻ ነው። «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሲስተርን አብረን እንጠይቃት» በሉትና በዚያው ቀን አብራችሁ ለምትሄደው ነርስ ንገሯት። ጥያቄው ልጁ ለመስማት እየተዘጋጀ መሆኑን ያሳያልና ለእሷ ትልቅ መረጃ ነው።

ከውጭ የሚታየውም እንዲሁ ነው። ባነር አይሰቀል፣ ቀይ ሪባን ያለበት ቲሸርት አይለበስ። መሰብሰቢያው መድኃኒት የሚወስዱበት ጤና ጣቢያ በር አይሁን፤ ሐዋሳ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፣ በባጃጅ የሚያልፍ ጎረቤት አይጠፋም። የወላጅ ፈቃድ ወረቀቱ ላይ «የልጆች የመዝናኛ ቀን» ከሚለው በላይ አይጻፍ። ቤት ስትደውሉ ማን እንዳነሳው ሳታረጋግጡ ስለ ምን እንደደወላችሁ አትናገሩ። ወንድም እህቶቻቸውንም እንድትጋብዙ አጥብቄ እመክራለሁ። ቫይረሱ ያለባቸውና የሌለባቸው ተቀላቅለው ከመጡ፣ አውቶቡሱ ውስጥ መገኘት ብቻውን ስለ ማንም ምንም አይናገርም። ወጪው ይጨምራል፤ ከምሳው ላይ ለስላሳውን ቀንሳችሁም ቢሆን አድርጉት።

ፎቶ አይነሳም። ፊታቸው ባይታይ እንኳ ከጀርባ የተነሳ ፎቶ ቀሚሱንና ቀኑን ይዞ ቴሌግራም ላይ ይወጣል፤ ቀሚሱን የሚያውቅ የክፍል ጓደኛ ደግሞ አለ።

ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። ብዙዎቹ ልጆች አሁን ዶሉቴግራቪር ያለበትን መድኃኒት በቀን አንድ ጊዜ ይወስዳሉ። ስለዚህ የመውሰጃው ሰዓት ከቤት ውጭ እንዳይውል ጉዞውን አመቻቹ፤ ጠዋት 1 ሰዓት የሚወስደው ውጦ ይምጣ፣ ማታ 1 ሰዓት የሚወስደው ከ11 ሰዓት በፊት ቤቱ ይግባ። ቀን የሚወስድ ካለ የዚያን ዕለት ብቻ የሚበቃው በትንሽ ደረቅ ዕቃ ተይዞ ነርሷ ጋ ይሁን። ሙሉ ብልቃጥ ቦርሳ ውስጥ ሲንኳኳ ትልልቆቹ ልጆች ድምፁን ወዲያው ይለያሉ፣ ይሸማቀቃሉም። ለትንንሾቹ የሚሰጠው በውሃ የሚሟሟ ክኒን ነው፤ በትንሽ ኩባያ ንጹሕ ውሃ አሟሙታችሁ ወዲያው፣ ቢዘገይ በ30 ደቂቃ ውስጥ፣ ይጠጣ። ከዚያ ኩባያው ጥቂት ውሃ ይጨመርበትና ይለቅለቅ፣ እሱንም ልጁ ይጠጣው፤ ከሥር የሚቀረው ዝቃጭ መድኃኒቱ ነው። መንገድ ላይ ያስመለሰው ልጅ ካለ መቼ እንደወሰደና መቼ እንዳስመለሰው ሰዓቱን ጻፉ፤ መድገም አለመድገሙን ነርሷ የምትወስነው በዚያ ነው። ኮትሪሞክሳዞል (ሌላ ኢንፌክሽን እንዳይዛቸው የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስዱት ልጆች ቆዳቸው በፀሐይ ሊቆጣ ስለሚችል ኮፍያና ጥላ አይለያቸው።

ውሃው ውስጥ ማንም አይግባ፤ እግር ማስነከርም ጭምር። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ብልሃርዝያ አለ። ትሉ ዳር ዳር ባለው ሣር ውስጥ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል፣ ቁስልም አያስፈልገውም። ጉማሬም አለ። ጀልባ ከፈለጋችሁ ጠዋት ውሰዷቸው፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሐይቁ ይናወጣል። የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ባለጀልባው ስላለበሳቸው ብቻ አትመኑ። ልጁን አልብሱትና ጃኬቱን ከትከሻው ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ ጆሮው ድረስ ከወጣ የአዋቂ ነው፣ ውሃ ውስጥ ልጁን ለቆ ይወጣል። በልኩ ካልተገኘ ያ ልጅ ጀልባ አይወጣም፤ ብቻውን እንዳይቀር ከእናንተ አንዱ አብሮት ይቅር። ለ4 ልጅ አንድ ሰው መድቡ፣ ከተቀመጡበት በተነሱ ቁጥርም ቁጠሩ።

አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሲወስዷቸው ልጆች አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች ከቅርብ ያያሉ፤ ከዚያ ይልቅ የሚወዱት ነገር የለም። ጥሬ ዓሣ ግን ለሐዋሳ ሰው የተለመደ ቢሆንም አይቅመሱ፤ በሽታ የመከላከል አቅሙ የወረደ ልጅ ሌላው ሰው ከሚችለው ተህዋስ ላይድን ይችላል። ሙሉ የተጠበሰው እሾህ አለው፤ ለትንንሾቹ ኮተሌት ወይም ሾርባ እዘዙላቸው። ምግብ የያዘ ልጅ ዛፍ ሥር አይቀመጥ፣ ጦጣ ይነጥቀዋል፣ አልፎም ይቧጭረዋል።

አሁን ደሙ። ጓንት አጥልቁ፣ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ወይም በጎዝ ጫን አድርጋችሁ ያዙት፣ ሲቆም በውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ሸፍኑት። አግዳሚው ላይ የነካውን 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አፍስሱበትና ከ10 ደቂቃ በኋላ ጥረጉት። ያልቆሰለ እጅ ላይ ደም ቢፈስ ታጥቦ ያበቃል። ቁስላችሁ ወይም ዓይናችሁ ውስጥ ከገባ በብዙ ውሃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ፤ መከላከያው መድኃኒት ቶሎ ሲጀመር ነው የሚሻለው፣ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም፣ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። ለልጁ ሁሉ፣ ቫይረሱ ለሌለበት ወንድሙም ለእናንተም ለራሳችሁ፣ ጓንት አንድ ዓይነት ይደረግ። ለአንዱ ለብሳችሁ ለሌላው ካልለበሳችሁ ልጆቹ ፊት ምስጢሩን በእጃችሁ ነገራችሁ ማለት ነው። አብሮ ከአንድ ትሪ መብላት፣ ማቀፍ፣ መሳም፣ በአንድ ሀይላንድ መጠጣት ኤች አይ ቪን አያስተላልፍም። ይህን የምጽፈው አውቃችሁት ሳለ እጃችሁ እንዳያመነታ ነው፤ ያቺን ትንሽ ማመንታት ልጁ ያያታል።

አንዳንዶቹ ለዕድሜያቸው ቀጫጭንና አጫጭር ናቸው። 8 ዓመት የመሰላችሁ 12 ሊሆነው ይችላል፤ «ስንተኛ ክፍል ነህ? እውነት?» አትበሉት፣ ገመድ ጉተታውንም በቁመት አትክፈሉት። «የኔ ምስኪን» የሚለው ቃልም ይቅር። ሲያጠፋ እንደ ማንኛውም ልጅ ተቆጡት።

ልጅ ለብቻችሁ ወስዶ የቤቱን ችግር ቢነግራችሁ «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ አትማሉለት። የሚመታ ወይም ምግብ የሚከለከል ልጅ ከሆነ ለነርሷ መናገር ግዴታችሁ ነው፤ ይህንኑ አስቀድማችሁ ንገሩት። እርግጠኛ ካልሆናችሁም «በቅርቡ ደግመን እንመጣለን» አትበሉ፤ ብዙዎቹ ሄደው የቀሩባቸው ሰዎች አሏቸው።

ከመመሸቱ በፊት፣ ትንኙ ሳይነሳ፣ ከሐይቁ ራቁ፤ ወባ አለ። እያንዳንዱን ልጅ ፈቃዱን ለፈረመው ሰው በእጁ አስረክቡ፣ ለጎረቤት አይሰጥም። የስም ዝርዝሩ ነርሷ ጋ ይመለስ፤ ስልካችሁ ላይ የመዘገባችሁት የወላጅ ቁጥርም አውቶቡሱ ሳይበተን ይጥፋ።