ካናቢስ ስለገባበት ቸኮሌት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጥያቄዎቻችሁ ስለበዙ ተመሳሳዮቹን በአንድ አድርጌአቸዋለሁ። ካናቢስ (ማሪዋና) የገባባቸው ምግቦች ወደ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት በሚመረመሩበት ሥራ ላይ ቆይቻለሁ፤ ሐኪም ግን አይደለሁም። የምመልሰው ሕጉ በሚፈቅድባቸው አገሮች ለሚኖሩና ሕጋዊው ዕድሜ ለደረሳቸው ሰዎች ነው። በአብዛኛው የዓለም ክፍል ይህን ቸኮሌት ይዞ መገኘት ብቻውን ወንጀል ነው፤ በተፈቀደበት አገር ገዝቶ በሻንጣ ድንበር ማሻገርም እንዲሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሚበላው ከሚጨሰው ይለያል የሚባለው ለምንድን ነው? ውስጡ ያለው ያው አንድ ነገር አይደለም?

መልስ፦ ተክሉ አንድ ነው፤ በሰውነት ውስጥ የሚሄድበት መንገድ ግን ይለያያል። አእምሮን የሚለውጠው ንጥረ ነገር ቲኤችሲ ይባላል። ሲጨስ ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል። ሲበላ ግን በሆድ አልፎ መጀመሪያ ጉበት ይገባል፤ ጉበትም ከፊሉን 11-ሃይድሮክሲ-ቲኤችሲ ወደሚባል፣ አንጎል ውስጥ በቀላሉ ወደሚዘልቅ ብርቱ ንጥረ ነገር ይቀይረዋል። ስለዚህ ስሜቱ የሚጀምረው ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የሚበረታው ከ2 እስከ 4 ሰዓት ቆይቶ ሲሆን፣ በጠቅላላው ከ6 እስከ 8 ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ 12 ሰዓት ይዘልቃል። ማጨስ የለመደ ሰው ልምዱን ተማምኖ ሲበላ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ምን ያህል ልውሰድ?

መልስ፦ 2.5 ሚሊ ግራም ቲኤችሲ፣ ወይም ከዚያ ያነሰ። በ2021 የአሜሪካ ብሔራዊ የአደንዛዥ ዕፅ ጥናት ተቋም 5 ሚሊ ግራምን እንደ አንድ መለኪያ ወስኗል፤ ይህ ግን ተመራማሪዎች ጥናቶቻቸውን እንዲያነጻጽሩበት የወጣ አኃዝ እንጂ ለጀማሪ የተሰጠ ምክር አይደለም። አንዱ ክፋይ 5 ሚሊ ግራም ከሆነ ግማሹን፣ 10 ከሆነ ሩቡን በቢላዋ ቁረጡ። ቁራሹ ከቁጥር የማይገባ መስሎ ይታያችኋል። የቸኮሌት ችግሩ ይህ ነው፤ ጣዕሙ ስለሚጋብዝ እጅ ሳያስበው ይደግማል። በ2014 የኒው ዮርክ ታይምስ ዓምደኛ ሞሪን ዳውድ በአሜሪካዋ ዴንቨር ከተማ በሆቴል ክፍሏ ከእንዲህ ዓይነቱ ከረሜላ ቀምሳ ለስምንት ሰዓታት በቅዠትና በፍርሃት መሠቃየቷን ጽፋለች። ለጀማሪ በ16 መቆረጥ እንደነበረበት የሰማችው ኋላ ነው፤ ማሸጊያው ላይ አልተጻፈም ነበር።

ጥያቄ፦ አንድ ሰዓት ጠብቄ ምንም ካልተሰማኝ ትንሽ ብጨምርስ?

መልስ፦ አይጨምሩ። በዚያ ምሽት ጨርሶ አይጨምሩ። ከጥያቄዎቻችሁ ሁሉ እንዲህ አጥብቄ የምመልሰው ይህን ነው። በ2014 በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ለአንድ የ19 ዓመት ወጣት ጓደኛው 65 ሚሊ ግራም ቲኤችሲ ያለበት ብስኩት ገዛለት። ሻጩ ከስድስት ከፍሎ አንዱን ብቻ እንዲበሉ ነግሯቸው ነበር፤ ልጁም እንደተባለው አደረገ። ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ምንም ስላልተሰማው ግን የቀረውን ሁሉ በላ። ከመጀመሪያው ቁራሽ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል በኋላ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ዘሎ ሕይወቱ አለፈ። ምን ያህል እንደሚበላ ተነግሮታል፤ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ማወቁ ግን ያጠራጥራል። ከዚህ በኋላ የኮሎራዶ ሕግ እያንዳንዱ 10 ሚሊ ግራም በግልጽ ተለይቶ እንዲታይ አስገደደ። የመጀመሪያው መጠን ካነሰባችሁ ሌላ ቀን በ1 ወይም በ2 ሚሊ ግራም ማሳደግ ይቻላል።

ጥያቄ፦ ሱቁ ውስጥ ብዙ ዓይነት አለ። ምን አይቼ ልምረጥ?

መልስ፦ መጀመሪያ ሁለት ቁጥሮችን ለዩ፤ በጠቅላላው ያለው ቲኤችሲ ስንት ነው? በአንዱ ክፋይ ያለውስ? በካናዳ አንድ ማሸጊያ በጠቅላላው ከ10 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ሕጉ ይወስናል። በኮሎራዶና በካሊፎርኒያ ግን አንዱ ክፋይ ብቻውን 10፣ ማሸጊያው ደግሞ 100 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ "አንድ ቸኮሌት በላሁ" የሚል ሰው ምን ያህል እንደወሰደ ምንም አልነገራችሁም። ቀጥሎ የምርት ተራ ቁጥሩን፣ የምርመራ ውጤቱንና ቀኑን እዩ። ክፋዮቹ በጥልቅ መሥመር የተለያዩ፣ ማሸጊያው ሕፃን የማይከፍተው ይሁን። የታወቀ ጣፋጭ መልክ አስመስሎ የተሠራውን አትንኩ፤ ፈቃድ ያለው አምራች እንዲህ አያደርግም።

ጥያቄ፦ የተጻፈው ቁጥር ግን ይታመናል?

መልስ፦ ፈቃድና ምርመራ ባለበት ገበያ በመጠኑ፣ በሌለበት አይታመንም። በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ከሦስት የአሜሪካ ከተሞች የተገዙ 75 የሚበሉ ምርቶችን መርምሮ፣ ቁጥራቸው ትክክል ሆኖ የተገኘው 17 በመቶ ብቻ ነበሩ። 60 በመቶዎቹ ከተጻፈው ያነሰ፣ 23 በመቶዎቹ ደግሞ የበለጠ ቲኤችሲ ነበራቸው። ቸኮሌት የራሱ ጣጣም አለው። በ2019 በአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር ጉባኤ የቀረበ ሥራ እንዳሳየው፣ በናሙናው ውስጥ ያለው ቸኮሌት ሲበዛ መሣሪያው የሚያነበው ቲኤችሲ ከእውነተኛው ያንሳል፤ መለኪያውን የሚያዛባው ስቡ ይመስላል። ለዚህ ነው ከምትወዱት አምራች አዲስ ዙር በገዛችሁ ቁጥር እንደገና በትንሹ ጀምሩ የምለው።

ጥያቄ፦ ጥቁሩ ይሻላል ወይስ ወተት ያለበት?

መልስ፦ ለኃይሉ ለውጥ የለውም። ቲኤችሲ የሚሟሟው በስብ ውስጥ ስለሆነ ሁለቱም በካካዎ ቅቤ ይይዙታል። ጥቁሩ የተክሉን ምሬት የበለጠ ይሸፍናል። ላዩ ላይ የሚወጣው ነጭ ነገር ብዙ ጊዜ ስብ እንጂ ሻጋታ አይደለም። ነገር ግን መኪና ውስጥ ቀልጦ እንደገና ከጠነከረና መሥመሮቹ ከጠፉ መጠኑን በዓይን ለመገመት አትሞክሩ።

ጥያቄ፦ በባዶ ሆድ ነው ወይስ ከምግብ በኋላ?

መልስ፦ ቅባት የበዛበት ምግብ ሰውነት የሚወስደውን ቲኤችሲ ይጨምራል፤ መጀመሩንም ሊያዘገይ ይችላል። ቀለል ያለ ምግብ በልቶ፣ በየጊዜውም በተመሳሳይ ሁኔታ መውሰድ ውጤቱን ለማወቅ ያግዛል። ከአልኮል ጋር ግን በፍጹም።

ጥያቄ፦ ሲቢዲ ያለበትን ብገዛ ቲኤችሲውን ያለዝብልኛል ተባልኩ።

መልስ፦ ሲቢዲ በዚያው ተክል ውስጥ ያለ፣ እንደ ቲኤችሲ የማያሰክር ሌላ ንጥረ ነገር ነው። ይህ አባባል በየሱቁ ይነገራል፤ አትደገፉበት። በ2023 የታተመ ጥናት ለተሳታፊዎች 20 ሚሊ ግራም ቲኤችሲን ለብቻው፣ ከዚያም ከ640 ሚሊ ግራም ሲቢዲ ጋር ሰጥቶ አነጻጸረ። አብረው ሲበሉ በደም ውስጥ ያለው ቲኤችሲ ጨመረ፣ የልብ ምትም ፈጠነ፣ የማስታወስ ችሎታም ይበልጥ ተዳከመ። ሲቢዲ ቲኤችሲን የሚሰባብሩትን የጉበት ኢንዛይሞች ስለሚይዛቸው ነው። መጠኑ በሱቅ ከሚሸጠው እጅግ የበዛ መሆኑ እውነት ነው፤ ቢሆንም ሲቢዲን እንደ ማርከሻ መቁጠር ስሕተት ነው።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ቤት ውስጥ የሠራውን ሰጠኝ። ልብላው?

መልስ፦ እኔ አልበላውም። 20 በመቶ ቲኤችሲ ካለው አንድ ግራም የካናቢስ አበባ እስከ 200 ሚሊ ግራም ሊወጣ ይችላል፤ ይህ ለ80 ጀማሪዎች የሚበቃ ነው። ጓደኛዎ ስሌቱን ቢያውቅ እንኳ በየቁራሹ እኩል ማዳረስ ሌላ ሙያ ነው። ብዙዎች የሚጠቀሙበት ቅቤ ውኃ አለበት፤ ውኃ ደግሞ የቀለጠ ቸኮሌትን ያጓጉለዋል። ከዚያ አንዱ ጥግ ባዶ፣ ሌላው ጥግ አደገኛ ይሆናል።

ጥያቄ፦ አብዝቼ ብወስድ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጸጥ ያለ ቦታ ጋደም ይበሉ፣ ውኃ ይጎንጩ፣ የሚያምኑት ሰው አጠገብዎ ይቀመጥ። ፍርሃቱ ብርቱ ቢሆንም ያልፋል፤ ሰዓቱን ማየትና መቼ እንደበሉ ማወቅ ያጽናናል። የደረት ሕመም፣ የመተንፈስ ችግር፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ወይም ሲቀሰቅሱት የማይነቃ እንቅልፍ ካለ ግን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ግድ ነው። ለሐኪሙ ምን እንደበሉ አይደብቁ። በዚያ ቀን መኪና አይንዱ፤ ትክክለኛውን መጠን የወሰደም ቢሆን።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ልጆች አሉኝ። ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ባስቀምጠው ይበቃል?

መልስ፦ እኅቴ፣ አይበቃም። በአሜሪካ ለመርዝ መረጃ ማዕከሎች የተነገሩት፣ ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ካናቢስ ያለበትን ምግብ የበሉባቸው አጋጣሚዎች በ2017 207 ነበሩ፤ በ2021 3,054 ደረሱ። ሕፃን ቸኮሌት ያያል እንጂ ቲኤችሲ አያይም። አንድን አዋቂ የሚያዞር መጠን ሕፃንን በሰመመን ሊጥል፣ ትንፋሹን ሊያዳክም ይችላል። በዋናው ማሸጊያው እንዳለ፣ በሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። ልጅ ከበላ ምልክት እስኪታይ አትጠብቂ፤ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት። ውሻ ካለም ቸኮሌቱ ራሱ ለውሻ መርዝ ነው።

ጥያቄ፦ በሥራ ቦታ የሽንት ምርመራ ላይ ይታያል?

መልስ፦ አዎ፤ ለቀናት፣ ዘወትር በሚወስድ ሰው ላይ ለሳምንታት።

ጥያቄ፦ እናቴ የመገጣጠሚያ ሕመም አለባት፤ ዋርፋሪን የሚባል ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ትወስዳለች። ቸኮሌት ነው ብዬ ባበላትስ? ብነግራት እሺ አትልም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከዋርፋሪን ጋር አትስጣት፤ ሳትነግራትም አታብላት። ካናቢስ የዋርፋሪንን ኃይል ሊያበረታና ደም እንዳይቆም ሊያደርግ ይችላል። የልብ ሕመም ያለበት፣ እርጉዝ ወይም የምታጠባ ሴት፣ ራሱ ወይም ቤተሰቡ የአእምሮ ሕመም ታሪክ ያለው ሰው ላይም እንዲሁ ያሰጋል። ሳያውቅ የበላ ሰው ደግሞ ልቡ ሲደልቅና ጊዜ ሲዛባበት የሚሞት ይመስለዋል፤ በዕድሜ የገፋች እናት ተነሥታ ልትወድቅም ትችላለች። ሐሳቡን መጀመሪያ ለእርሷ፣ ቀጥሎ መድኃኒቱን ላዘዘላት ሐኪም ንገር። እርሷ አልፈልግም ካለች ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ለመገጣጠሚያዋ ሌላ ሕክምና እንዲፈልግላት ሐኪሙን ጠይቀው።