የማህፀን በር ካንሰር ምርመራና የላቲኖ ስደተኛ ሴቶች፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ፣ የማያቸው ሴቶች አብዛኞቹ ከሜክሲኮ፣ ከኤልሳልቫዶርና ከጓቲማላ የመጡ ናቸው። ዛሬ ኦፍ ስለሆንኩ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ላቲኖ ሴቶች ላይ ካንሰሩ ለምን ይበዛል? ዘር ነው እንዴ?

መልስ፦ ኧረ ዘር አይደለም። የሚያመጣው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው፣ 16 እና 18 የሚባሉት ሁለቱ ዓይነቶች ብቻ 70 በመቶ ገደማውን ያመጣሉ፣ ቫይረሱ ደግሞ ቋንቋ መርጦ አይዝም። ችግሩ ምርመራው ጋ ነው፤ ኢንሹራንስ የላትም፣ ከሥራ ብትቀር የቀኑ ይቆረጥባታል፣ የመኖሪያ ወረቀት ከሌላት ስሟን መስጠት ራሱ ያስፈራታል።

ጥያቄ፦ የማይመረመሩት ማንበብ ስለማይችሉ ነው የሚባለውስ?

መልስ፦ ይሄ ነገር ያናድደኛል። ማንበብ የምትችለዋም ግራ ይገባታል እኮ! አንዷ "ፖሲቲቮ" (ፖዘቲቭ፣ ማለትም ችግር ተገኝቷል) የሚል ደብዳቤ ደርሷት ጥሩ ዜና መስሏት ስንት ወር ቁጭ ብላለች፣ ሌላዋ ደግሞ ስትወልድ ስላዩዋት ፓፕ (ከማህፀን በር ናሙና ተወስዶ ሴሎቹ የሚታዩበት ምርመራ) የተሠራላት መስሏታል፣ ማን ነግሯት ትወቅ? ከጓቲማላ ከሚመጡት ደግሞ አፍ መፍቻቸው ማም ወይም ኪቼ የሆነ አሉ፣ ስፓኒሹ ራሱ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፣ እኛ ግን የስፓኒሽ ወረቀት ሰጥተን ተገላገልን እንላለን። እኔ "ገባሽ?" ማለት ትቻለሁ፣ ሁሉም "ሲ" (አዎ) ነው የሚሉት። "ቤት ስትገቢ ለእህትሽ ምን ብለሽ ትነግሪያታለሽ?" ስላት ነው ያልገባት ነገር የሚወጣው።

ጥያቄ፦ ልጇ ቢያስተረጉምላትስ?

መልስ፦ በፍጹም! የ12 ዓመት ልጅ ስለ እናቱ ማህፀን ምን ብሎ ያውራ? የፌደራል ገንዘብ የሚያገኝ ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት፣ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ በየስንት ጊዜ ነው?

መልስ፦ ከ21 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ፓፕ በየ3 ዓመቱ። ከ30 እስከ 65 ወይ ፓፕ በየ3 ዓመቱ ወይ የኤችፒቪ ምርመራ በየ5 ዓመቱ።

ጥያቄ፦ የሚያፍሩትስ?

መልስ፦ ከ2024 ጀምሮ ለኤችፒቪ ምርመራ ክሊኒክ ውስጥ ራሷ ናሙና የምትወስድበት መንገድ ተፈቅዷል፣ መጸዳጃ ቤት ገብታ በራሷ እጅ። ይሄን ስነግራቸው ፊታቸው ሲፈታ ብታዩ። ፕሮሞቶራ የሚባሉ የሰፈር ሴቶችም አሉ፣ ከነሱው መሃል የወጡ፣ ኩሽና ቁጭ ብለው ያስረዳሉ፣ ከኛ ፖስተር ሁሉ እነሱ ይሻላሉ።

ጥያቄ፦ ብር ለሌላትስ?

መልስ፦ ሲዲሲ (የአሜሪካ መንግሥት የበሽታ መከላከያ መሥሪያ ቤት) ከ1991 ጀምሮ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ኢንሹራንስ ለሌላቸው ሴቶች የጡትና የማህፀን በር ምርመራ ፕሮግራም አለው። ኮሚኒቲ ክሊኒኮችም እንደ ገቢሽ ነው የሚያስከፍሉት።

ጥያቄ፦ እናቴ 58 ዓመቷ ነው፣ አባቴ ካረፈ 10 ዓመት ሆኖታል፣ "ለኔ ምን ያደርጋል" ትላለች።

መልስ፦ የኔ ታካሚዎችም እንዲሁ ነው የሚሉት 😄 ቫይረሱ ብዙ ዓመት ተደብቆ ይቆያል እኮ፣ ባል ሞተ ብሎ አይሄድም። መጨረሻ የተመረመረችው መቼ እንደሆነ ጠይቂያትና ንገሪኝ።