ውስጡ ባዶ በር ለጉዞ ቫን ይሆናል?

ከኮሎራዶ፣ አውሮራ የመጣ ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ አንድ ቫን ገዝቼ ውስጡን ለማደሪያ እያዘጋጀሁት ነው። ከሚታደስ አፓርታማ የወጡ ስድስት የክፍል በሮች በነጻ አገኘሁ። ውስጣቸው ባዶ ስለሆነ በጣም ቀላል ናቸው። አልጋውን፣ ጠረጴዛውን፣ ግድግዳውንና ወለሉን በነሱ ልጨርስ አሰብኩ። ግን የጠረጴዛውን ማጠፊያ ያሰርኩበት ቪስ ገና በእጄ ሳነቃንቀው ወጣ። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ ቪሱ ምንም አላጠፋም፤ የነዳህበት ቦታ ነው ችግሩ። እዚህ አሜሪካ የክፍል በር ውፍረት ብዙ ጊዜ 1 ከ3/8 ኢንች ነው። እንጨት ያለው ግን ዙሪያውን ብቻ ነው፤ ያም ቀጭን ክፈፍ ነው። ከፊትና ከኋላ 1/8 ኢንች የምታህል ልባስ ተለጥፋለች። መሃሉን የሞላው ካርቶን ነው። ቪስህ የነከሰው ያቺን ልባስ ብቻ ነው። እጀታው አካባቢ ለቁልፍ ተብሎ የገባ ደህና እንጨት አለ፤ አንኳኩተህ በድምፁ ታገኘዋለህ።

ስለዚህ ማጠፊያ ወይም እግር በሚታሰርበት ቦታ ሁሉ እንጨት አስገባ። በማይታየው በኩል ልባሱን በስለት አራት ማዕዘን አድርገህ ክፈት፤ ካርቶኑን ጠርገህ አውጣ። ክፍተቱ ወደ 1 ከ1/8 ኢንች ይሆናል፤ አንተ ግን ራስህ ለካው። ቱ ባይ ፎር የሚባለውን ጣውላ በዚያ ልክ አሳሳና ሁለቱንም ገጽ ኮላ ቀብተህ አስገባው። የቆረጥከውን ልባስ መልሰህ ለጥፍ፣ በሞርሳ ጥበቀው፣ እስከ ነገ አትንካው። ቪስ ከመንዳትህ በፊት በትራፓኖ ቀጭን ቀዳዳ አውጣ። መኪና ሲሄድ ሁሉም ነገር ስለሚንቀጠቀጥ፣ ብዙ ጫና ያለበት ቦታ በቪስ ፋንታ በብሎንና በሰፊ ሮንዴላ ይታሰር።

በሩን ስታሳጥር ደግሞ ጫፉ ላይ የነበረው ክፈፍ ከቁራጩ ጋር ይሄዳል። አፉ ክፍት ሆኖ እንዳይቀር፣ ከቁራጩ ላይ ልባሱን በመሮ ላጥና እንጨቱን አውጣ፤ ከዋናው ጫፍ ካርቶኑን ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ አድርገህ በኮላ መልሰህ ክተተው። በመጋዝ ከመቁረጥህ በፊት መስመሩን በስለት ማስመር አትርሳ፤ አለበለዚያ ልባሱ ይሸራረፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በሩ ቀላል የሆነውን ያህል የማይታጠፈው ሁለቱ ልባሶች ተራርቀው ስለተያዙ ነው። ጠፍጣፋ ሆኖ ሳይጎብጥ መቆም ላለበት ነገር ከዚህ የተሻለ የነጻ ዕቃ አታገኝም። 30 በ80 ኢንች የሆነው 25 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል፤ በዚያው ስፋት 3/4 ኢንች ኮምፔንሳቶ ከ35 ፓውንድ በላይ ይሆናል። ጠረጴዛ፣ አልጋ፣ መከፋፈያ፣ እሺ። ግድግዳ ግን ለምን? ግድግዳ ከቫኑ ብረት ጋር ታስሮ ስለሚቆም ጥንካሬ አይጠየቅም። ለዚያ 1/4 ኢንች ኮምፔንሳቶ የበሩን ግማሽ ያህል ብቻ ይመዝናል፤ ቦታም አይሻማህም። ወለልን ደግሞ ጨርሶ እርሳው። የጫማ ተረከዝ ወይም የሣጥን ጥግ ያርፍበትና ልባሱን ይበሳዋል፤ ውሃ ከገባ ካርቶኑ አለቀለት።

አልጋውን በቫኑ ርዝመት አድርገው። ከታች ቢያንስ በየ2 ጫማው አግዳሚ ይኑረው። ሰው ፍራሽ ላይ ተኝቶ ምንም አይሆንም፤ ፍራሹ ሳይኖር በጉልበትህ ተንበርክከህ ብትወጣበት ግን ሊሰበር ይችላል። ኮሎራዶ ደግሞ ክረምቱ ከባድ ነው። ሌሊት የምትተነፍሰው እርጥበት ከፍራሹ ሥር ጤዛ ሆኖ ሻጋታ ያመጣል። አየር ይግባ ብሎ በሩን መብሳት የብዙ ሰው ሐሳብ ነው፤ አንተ አታድርገው፣ እርጥበቱን ለካርቶኑ ማብላት ነው። ከፍራሹ ሥር አየር የሚያሳልፍ ምንጣፍ ወይም ስስ ርብራብ ይበቃል። የተቆረጠውን ጠርዝ ሁሉና የእጀታውን ቀዳዳ ዝጋና ቀለም ቀባ። ምድጃው አጠገብ ይህን ዕቃ አታስጠጋ።

ከመጋዙ በፊት ግን ሁለት ነገር አጣራ። ሕንጻው እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ የድሮው ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። መመርመሪያው የሕንጻ ዕቃ መሸጫ ይገኛል፤ ሳትመረምር ብርጭቆ ወረቀት አታስነካው። ከስድስቱ አንዱ ከሌሎቹ ከበድ ካለህ ደግሞ የማጠፊያውን ጠርዝ እይ። እሳት መቋቋሙን የሚገልጽ ምልክት ካለበት ባዶ በር አይደለም። ከድሮዎቹ አንዳንዶቹ ውስጣቸው አስቤስቶስ አለበት፤ እሱን ሳትቆርጠው ለብቻው አስቀምጠው።