«እኔን!» ላለችው ሴት ስል

ልጆቼ፣

አሜሪካ ፍርድ ቤት ውስጥ 26 ዓመት በአስተርጓሚነት ሠርቻለሁ። ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ የምትንከባከባቸውን አሮጊት ገፍትረሽ ጥለሻል የተባለች አንዲት የአገሬ ሴት ቀረበች። «ሲወድቁ ምን አልሽ?» ተባለች። «እኔን! አልኩ» አለች። እኔም ቃሉን እንዳለ «እኔ» ብዬ ተረጎምኩት። የዐቃቤ ሕጉ እስክሪብቶ መሮጥ ጀመረ። ሰው ሲደናቀፍ እናቶቻችን የሚሉት ቃል፣ በእንግሊዝኛው «ያደረግሁት እኔ ነኝ» መስሎ አረፈው። ላብ አጠመቀኝ። እጄን አውጥቼ ዳኛዋን «ትርጉሜን ላስተካክል» አልኳት። አፍሬ ዝም ብል ኖሮስ?

ያለ ጥፋቱ የታሰረውን የአንቶኒ ሬይ ሂንተንን ታሪክ ሳነብ ያቺ ሴት ትመጣብኛለች። ሂንተን እ.ኤ.አ. በ1985 አላባማ ውስጥ ሲያዝ 29 ዓመቱ ነበር። ጥቁር ነው፣ ድሃ ነው። ሁለት የሬስቶራንት ሥራ አስኪያጆችን ገድሏል ተብሎ ሞት ተፈረደበት። ዋናው ማስረጃ «ጥይቶቹ የወጡት ከእናቱ ሽጉጥ ነው» የሚል ነበር። ጠበቃው ጥይቶቹን ለሚመረምር ባለሙያ ከ1,000 ዶላር በላይ እንደማይፈቀድለት አመነ። ሕጉ ተቀይሮ ነበር፤ ገልጦ አላየም። በዚያ ገንዘብ ያገኘው ባለሙያ አንድ ዓይና ነበር። ችሎት ላይ መሳቂያ አደረጉት።

በኋላ ጠበቃ ብራያን ስቲቨንሰን ጉዳዩን ያዘ። በ2002 ሦስት ባለሙያዎች ጥይቶቹን ከዚያ ሽጉጥ ጋር ማያያዝ አይቻልም አሉ። ታዲያ ወጣ ትላላችሁ? ሌላ 13 ዓመት ተቀመጠ። እናቱ በዚያው በ2002 ሞቱ።

ያለ ጥፋታቸው ለታሰሩ ሰዎች ሃሽታግ መለጠፋችሁን አልጠላም። ሰው የሚያስፈታው ሥራ ግን አሰልቺ ነው። ባሪ ሼክና ፒተር ኑፌልድ በ1992 ኒውዮርክ ላይ በስህተት የተፈረደባቸውን የሚያስፈታውን ኢኖሰንስ ፕሮጀክትን ሲጀምሩ፣ የሕግ ተማሪዎችን ይዘው መዝገብ ማገላበጥ ነበር ሥራቸው። እናንተም እንግሊዝኛ የማያነቡ እናት የልጃቸውን የክስ ወረቀት ይዘው ቢመጡ፣ ቅዳሜያችሁን ስጧቸው። ቴሌግራም ላይ «ወንጀለኛው ተያዘ» የሚል ፎቶ ሲደርሳችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ ለሌላ አታስተላልፉ።

ሂንተን አንድ የልጅነት ጓደኛ ነበረው። ያ ሰው 30 ዓመት ገደማ መኪና እየነዳ እስር ቤት ሲጠይቀው ኖረ። በሚያዝያ 2015 ከእስር ቤቱ በር የወሰደውም እሱ ነው። ወደ እናቱ መቃብር ሲሄዱ መኪናው ውስጥ የሴት ድምፅ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» አለ። ሂንተን ደንግጦ ዞር ዞር እያለ ሴትዮዋን ፈለገ። ጂፒኤስ አያውቅም ነበር።